የሦስት እግር ክብደት

ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ። ማታ ሒሳቡ ካልገጠመ ከመስኮቴ ኋላ ተነሥቼ አልሄድም፤ የጎደለችው አንዲት ብር ብትሆንም እስክትገኝ ድረስ ትፈለጋለች። ይህ ልማድ ተከትሎኝ ቤቴ ገብቷል። ጫማ ስገዛም፣ ግጥም ስጽፍም፣ ሸክም ሳነሣም መቁጠር ይቀናኛል። ዛሬ ላወጋችሁ የተነሣሁትም ስለ አንድ የጎደለ ሒሳብ ነው። ጉድለቱ ሁለት ኪሎ በማይሞላ ዕቃ ምክንያት የመጣ ነው፤ ለማካካስ ግን አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ዕቃው ትራይፖድ ይባላል። በነቀምት ሠርግ የሚቀርጹ ወዳጆቼ «እስታንድ» ይሉታል። ሲፈልጉት የሚረዝም፣ ሲፈልጉት የሚታጠፍ ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ ነው። እኔ ሠርግ አልቀርጽም። እሑድ እሑድ ካሜራዬን ይዤ በእግሬ ከከተማ እወጣለሁ። ነቀምት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ዙሪያዋን ጉቶ ጊዳ ወረዳ ከብቧታል። ከመጨረሻው አስፋልት አልፎ ጥቂት የተራመደ ሰው ጤፍና በቆሎ፣ ዋንዛና ግራር መሐል ራሱን ያገኛል። ክረምቱ እንደ ወጣ፣ በጥቅምት ጠዋት፣ ጉም ከሸለቆው ተነሥቶ ማሳ ለማሳ ሲሄድ ማየት ለእኔ ከማንኛውም ሠርግ ይበልጣል።

ችግሩ ያ ሰዓት ብርሃን የለውም። ሰው ካሜራን በእጁ ይዞ ሳይንቀጠቀጥ ሊያነሣ የሚችለው ለቅጽበት ብቻ ነው። የቆየ ስሌት አለ፤ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያነሣ ሰው ካሜራውን ከ1/50ኛ ሰከንድ ለበለጠ ጊዜ በእጁ አይመን ይላል። እኔ ደግሞ እግሬ ሥር ያለው ድንጋይም፣ ከማሳው ማዶ ያለው ዛፍም እኩል ጥርት ብለው እንዲታዩ እፈልጋለሁ። ለዚህ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 11 ማጥበብ ያስፈልጋል። ቀዳዳው ሲጠብ ጊዜው ይረዝማል፤ ጎሕ ሲቀድ በአይ ኤስ ኦ 100 ሁለት ሰከንድ ሊደርስ ይችላል። ሁለት ሰከንድ የ1/50ኛ ሰከንድ መቶ እጥፍ ነው። ካሜራው ያን መቶ እጥፍ ከራሱ እንዲያመጣ ካዘዝነው አይ ኤስ ኦው 10,000 ይደርሳል፤ ምስሉም ጤፍ የተበተነበት ይመስል በነጠብጣብ ይሞላል። ይህ ብድር ነው፤ ወለዱም ከባድ ነው። ትራይፖድ ግን ጊዜን ያለ ወለድ ያበድራል። የዛሬዎቹ ካሜራዎች የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያርም መሣሪያ በውስጣቸው እንዳለ አውቃለሁ። የእኔ አሮጌ ካሜራ ግን ያ የለውም።

ለምን ሦስት እግር? ይህን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያሻም፤ ማዕድ ቤት መግባት ይበቃል። እናቶቻችን ድስቱን የጣዱት በሦስት ጉልቻ ነው። አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ባልተስተካከለ ወለል ላይ ይንገዳገዳል፤ ከአንዱ እግር ሥር ወረቀት አጥፈን የምንሸጉጠውም ለዚህ ነው። ሦስት እግር ያለው በርጩማ ግን የትም ያርፋል። ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ገጽ ላይ ስለሚውሉ ገደልም ይሁን ትልም ለእነርሱ ያው ነው። በርጩማ በአማርኛም በኦሮምኛም በርጩማ መባሉ ደስ ይለኛል። ሁለት ቋንቋ አንድ መቀመጫ ተካፍሏል።

የመጀመሪያውን ትራይፖድ የተዋስኩት ሠርግ ከሚቀርጽ ጓደኛዬ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር። ለትልቅ የቪዲዮ ካሜራ የተሠራ፣ እግሮቹ የወፈሩ፣ ስድስት ኪሎ የሚመዝን ነገር ነበር። ወደ ቆምቶ ደን አቅጣጫ ይዤው ስወጣ ሁለት ጊዜ አረፍኩ፤ ትከሻዬ ላይ ሰንበር አወጣ። በመጨረሻ ከአንድ ማሳ ዳር ተከልኩትና በካሜራው አጮልቄ ማየት ጀመርኩ። ወዲያው ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ።

«ለማን ነው የምትለካው?»

በኦሮምኛ ነበር የጠየቁኝ። ነጠላ የደረቡ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። በእኛ አገር ሰላምታ የዘለለ ሽማግሌ ልቡ ተረብሿል ማለት ነው።

«አልለካም አባባ። ፎቶ ነው የማነሣው።»

«ያኛውም እንዲሁ ብሎኝ ነበር» አሉ።

ቀስ በቀስ ነገሩኝ። ከዓመታት በፊት ሰዎች መጥተው ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ከዚያው ቦታ ተክለዋል፤ በአንድ ዓይናቸው አሻግረው አይተዋል፤ ወረቀት ላይ ጽፈዋል፤ ሄደዋል። ለማሳው ባለቤት ምንም ያለው የለም። ሰዎቹ አልተመለሱም። ከማሳው ጫፍ ግን ራሱ ቀይ የተቀባ ችካል ቀረ። ችካሉን ዝናብና ምስጥ በልቶ ጨረሰው። «እኔን ግን እስካሁን እየበላኝ ነው» አሉ። ማንም አልነካቸውም፤ ማሳቸውም አለ። ነገር ግን በየዓመቱ ሲዘሩ፣ አጨዳው የማን እንደሚሆን እርግጠኛ ሳይሆኑ ነው የሚዘሩት።

ካሜራውን አስጠጋኋቸው። ጎንበስ ብለው በትንሿ መስኮት አዩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር ተናገሩ፤

«የድንበሩ ድንጋይና ያ ዋንዛ አንድ ላይ እንዲታዩ አድርገህ ታነሣልኛለህ? ማሳዬ ከድንጋዩ እስከ ዋንዛው ነው። ወረቀት የያዘ ሰው ሲመጣ እኔም የማሳየው አንድ ነገር ይኑረኝ።»

የዚያን ዕለት ፀሐይዋ ወጥታ፣ ጥላው ጠቁሮ፣ ዋንዛው በጭጋግ ነጥቶ ነበር። ተመልሼ መጥቼ በደንብ እንደማነሣላቸው ቃል ገባሁ። ወደ ከተማ ስወርድ ግን የማስበው ስለ ቃሌ ሳይሆን ስለ ትከሻዬ ነበር። ያን ስድስት ኪሎ ዳግመኛ አልሸከምም አልኩ።

እናም በ2012 መጀመሪያ ላይ ሁለተኛውን ገዛሁ። እጅግ ርካሽ፣ እጅግ ቀላል፤ ከአንድ ኪሎ በታች። በእጄ ሳነሣው ሳቄ መጣ። በጥቅምት እሑድ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ ሄድኩ፤ ሽማግሌው ድንጋዩ አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ። ነፋስ የለም፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ድንጋዩን ከግርጌ፣ ዋንዛውን ከራስጌ አድርጌ አነሣሁ። በካሜራው ትንሽ መስታወት ላይ ሁሉም ነገር ያማረ መሰለኝ። በሳምንቱ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር አሳትሜ ወሰድኩላቸው።

ፎቶውን አቀረቡት። አራቁት። እንደገና አቀረቡት።

«ዓይኔ ነው መሰል» አሉ። «ዋንዛው አይታየኝም።»

አጠገባቸው የቆመው የልጅ ልጃቸው ፎቶውን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ፤ ምንም አላለም። ሰማዩና ምድሩ የተደባለቁበት፣ ድንጋዩ ጎመን ዘር የመሰለ፣ ዋንዛው የጭስ ቅርጽ የያዘ ምስል ነበር። እኔ ያልኩት ምንድን ነው? «ብርሃኑ አነስ ብሎ ነው፣ አባባ።» ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፎቶውን ግን አክብረው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት። ዓይናቸውን እያሹ ሸኙኝ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የዓይናቸው እንዳልሆነ ሳልነግራቸው ወጣሁ።

በቀጣዩ እሑድ አልሄድኩም። አፍሬ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ መሄድ በእኔ ፈቃድ ብቻ የሚሆን ነገር አልሆነም። በ2012 አጋማሽ በወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ ወዲያው ኮሮና መጣ፤ ቀጥሎ የመጡትን ዓመታት ወለጋ የኖረ ሰው ያውቃቸዋል፣ ያልኖረም ሰምቷል። ከከተማ ወጥቶ በእግር መንሸራሸር ቅንጦት ብቻ ሳይሆን ሞኝነትም የሆነበት ጊዜ ነበር። ቁጭ ብዬ ያችን ፎቶ በኮምፒውተር እያጎላሁ ምን እንደ በደልኩ ማጥናት ጀመርኩ።

ጥፋቱ የዕቃው ብቻ አልነበረም። የመቆሚያው እግር አምስት ቦታ የሚመዘዝ ስለነበር የመጨረሻው ዘንግ ከጣቴ አይወፍርም። ቁመት ለማግኘት ብዬ የመሐሉን ምሰሶ ወደ ላይ ስቤው ነበር፤ ያን ያደረገ ሰው በሦስት እግር ላይ አንድ እግር ቀጥሎ ሚዛኑን እንዳጠፋ አላወቅሁም። ሹተሩን የተጫንኩት በጣቴ ነው፤ ካሜራውን በሁለት ሰከንድ መቁጠሪያ አዝዞ እጅን ማንሣት እንደሚገባ ያወቅሁት በኋላ ነው። ከሁሉ የባሰው ራሱ ነበር። ካሜራው የሚያርፍበት ያ የፕላስቲክ ራስ ከተቆለፈ በኋላ እንኳ ክብደት ሲሰማው ቀስ እያለ ይሰግድ ነበር። ዋንዛው በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሰማይ የተጎተተው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሦስተኛውን ስመርጥ ከራሱ ጀመርኩ። ለመልክዓ ምድር የሚመቸው ባለ ኳስ ራስ፣ ባለሙያዎቹ «ቦል ሄድ» የሚሉት ነው። አንዲት የብረት ኳስ በአቃፊዋ ውስጥ እንደ ልብ ትዞራለች፤ አንድ ቁልፍ ሲጠብቅ ባለችበት ቀጥ ትላለች። ኳሷ ሰፋ ባለች መጠን የሚያቅፋት ገጽ ይሰፋል፤ አያያዟም ይጠነክራል። ደህና ራስ ከዋናው ቁልፍ ሌላ ልጓም የምትሆን ትንሽ ቁልፍ አለችው። እርሷ በካሜራው ክብደት ልክ ከተስተካከለች ዋናው ቁልፍ ሲላላ ካሜራው በድንገት አይወድቅም። ካሜራውን የሚይዘው ሳህን በአርካ-ስዊስ ልክ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ብዙ አምራቾች ይህን ልክ ስለተቀበሉት አንዱ ቢጠፋ ከሌላው መተካት ይቻላል። መለዋወጫ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚርቅበት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አምራቹ «ይህን ያህል ኪሎ ይሸከማል» ብሎ የጻፈውን ቁጥር ግን እንደ ደንበኛ የገቢ መግለጫ አየሁት፤ አልናቅሁትም፣ አላመንኩትምም። ካሜራዬና ሌንሱ አንድ ኪሎ ከ200 ግራም ናቸው። የተጻፈው ቁጥር ቢያንስ የዚህን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ወሰንኩ።

ቀጥሎ እግሩ መጣ። ዓለም ዛሬ የሚያደንቀው የካርቦን ፋይበር እግርን ነው። ጂትዞ የተባለው የፈረንሳይ አምራች በ1990ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ለፎቶ አንሺዎች ካቀረበው ወዲህ የተራራ ተጓዦች ሁሉ ይመኙታል። ከአሉሚኒየም ይቀላል፤ ንዝረትን ቶሎ ያበርዳል፤ በብርድ ጠዋት እጅ አያቃጥልም። ዋጋው ግን ሌላ ነው። በተለይ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን ምን እንደ ሆነ እኔ ከመስኮቴ ኋላ ሆኜ በየቀኑ አይቻለሁ። በመረጥኩት መጠን በካርቦኑና በአሉሚኒየሙ መካከል የነበረው ልዩነት 300 ግራም ነበር። ለእነዚያ 300 ግራሞች የሁለት ወር ደመወዝ መክፈል ነበረብኝ።

ብዙ አመነታሁ። በመጨረሻ አሉሚኒየሙን መርጬ የተረፈውን ገንዘብ ራሱ ላይ አዋልኩት። ካርቦን ድንጋይ ሲያገኘው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ አሉሚኒየም ይጎደጉዳል፣ ይጣመማል፣ ግን እየነገረ ነው። የተጣመመ ብረት የሚያቃና ሰው ደግሞ ነቀምት አይጠፋም። እግሩ በአራት የሚመዘዝ ነው፤ አምስት አይሁን አልኩ። መቆለፊያው በመጠምዘዝ የሚጠብቅ፣ በእጅ ተፈትቶ የሚታጠብ ነው፤ የወለጋን ቀይ ጭቃ የሚያውቅ ምክንያቱን አይጠይቀኝም። ጭቃ ወይም ወንዝ ዳር ስቆም ታችኛውን ዘንግ አስቀድሜ ሙሉ በሙሉ እስበዋለሁ፤ እንዲያ ሲሆን መቆለፊያው ከጭቃው በላይ ይቀራል። ከምሰሶው ግርጌ ሜንጦ አለው። ነፋስ ሲበረታ ቦርሳዬን እሰቅልበታለሁ፤ ቦርሳው እንዳይወዛወዝ ግን መሬቱን እንዲነካ አደርገዋለሁ።

ዕቃውን ያመጣችልኝ ከሚኒሶታ ለእረፍት የመጣች የአክስቴ ልጅ ናት። በስልክ «ስንት ኪሎ ነው?» አለችኝ፤ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይህ ነበር። «ከነራሱ አንድ ኪሎ ከ700።» ዝም አለች። ሻንጣዋ 23 ኪሎ ነው፤ ለእናቷ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ለወንድሞቿ ጫማ፣ ለጎረቤት ልጅ ደብተርና ቦርሳ አለባት። በኋላ እንደሰማሁት የራሷን ሁለት ቀሚስ አውጥታ ነው ያስገባችልኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ለስድስት ዓመት ያህል ክብደትን የለካሁት በራሴ ትከሻ ብቻ ነበር። የእኔ ዕቃ ሌላም ሰው ላይ ይከብዳል።

ይህን የሚያጠናክር ሌላ ነገርም ነበር። ቀላሉን ርካሽ ትራይፖድ በያዝኩበት ዘመን በጥቁር ረጅም ከረጢት አድርጌ በትከሻዬ አንግቼው ነበር የምሄደው። አንድ ጠዋት መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር። ከረጢቱን ያየ አንድ ወጣት ጠባቂ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። «ቀስ ብለህ መሬት ላይ አስቀምጠው» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከፈትኩት፤ አየው፤ ተነፈሰ። ሁለታችንም ለመሳቅ ሞከርን፤ ጉልበቴ ግን እስከ ማታ አልጸናም። ከአንድ ኪሎ በታች የሚመዝን ዕቃ የዚያን ልጅ ልብ ምን ያህል እንደ ከበደው ሚዛን አይነግረንም። ማታ በሥራ ወረቀት ጀርባ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤

ለትከሻ ቀልሎ ለዓይን ከከበደ፣
ሸክሙ መች ቀለለ? ወደ ሰው ወረደ።

ስለዚህ በአዲሱ ትራይፖድ ላይ የትም ያላነበብኳቸውን ሁለት መመዘኛዎች ጨመርኩ። አንደኛ፣ ሲታጠፍ ከክንዴ መርዘም የለበትም። ሁለተኛ፣ ከረጢት የለውም። ከጀርባ ቦርሳዬ ውጭ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው፣ በአንዱ እግሩ ላይ ቢጫ ጨርቅ ጠምጥሜ አስረዋለሁ። ከመትከሌ በፊት ደግሞ የማሳውን ባለቤት ፈልጌ ሰላም እላለሁ። ይህ ሁሉ ግራም አይጨምርም። አንዳንዴ ብርሃኑ ያመልጠኛል፤ ይምለጠኝ።

በኅዳር 2017 መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ሄድኩ። ሽማግሌው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም ነበር። በራቸው ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ወዲያው ግን አወቁኝ። ከሰላምታው በኋላ ትራይፖዱን አጠገባቸው ዘረጋሁት። ዝም ብለው አዩትና መዳፋቸውን ካሜራው ከሚያርፍበት ቦታ ላይ አድርገው በሙሉ ኃይላቸው ወደ ታች ተጫኑት። ከዚያ ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። በርጩማ ሲገዙ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው አሉኝ፤ የሚቀመጥበትን ሰው ሳይሆን መሬቱን ይዞ እንደ ሆነ ማየት ነው። ያ ሁሉ ያነበብኩት ነገር በአንድ መዳፍ ተጠቃለለ። ዛሬ ትራይፖድ ልግዛ ብሎ ምክር የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር የምነግረው ይህን ነው፤ ሙሉ በሙሉ ዘርጋው፣ ከላይ ተጫነው፣ ከሰገደ ተወው።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ከድንጋዩ አጠገብ ተከልነው። ምሰሶውን አላወጣሁም። ቦርሳዬን ሰቀልኩበት። መቁጠሪያውን አዘዝኩና እጄን አነሣሁ። ሁለት ሰከንድ ሁለታችንም አልተነፈስንም። ምስሉን በመስታወቱ ላይ አጉልቼ የዋንዛውን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ አየሁ፤ ሒሳቡ ገጠመ።

የታተመውን ፎቶ ስወስድላቸው እንደ ድሮው አቀረቡት፤ ሁለተኛ ግን ማራቅ አላስፈለጋቸውም። በጣታቸው ከድንጋዩ ተነሥተው ትልሙን ተከትለው እስከ ዋንዛው ሄዱ።

«እንግዲህ ዓይኔ ደህና ነው» አሉ።

«ያን ጊዜም ዓይንዎ ደህና ነበር፣ አባባ» አልኳቸው። «ፎቶው ነበር የተበላሸው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያኔ ልነግርዎ አፈርኩ።»

ቀና ብለው ብዙ አዩኝ።

«ታዲያ ይህን ለመናገር አምስት ዓመት ይፈጃል?» አሉና በርጩማውን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። «በል ተቀመጥ፤ ቡናው ደርሷል።»